የዓሣ ነጋዴዋ ስልክ፦ ስለ አፕ ፈቃዶች አንድ የጉዳይ ጥናት ከባሕር ዳር

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ባሕር ዳር ውስጥ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና እሠራለሁ። የተጠለፈ ቴሌግራም፣ የተረሳ ፒን፣ የተቆለፈ ሲም ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ጉዳይ ስለሚመሳሰል ይረሳል። ይህኛውን ግን መመዝገብ ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። በሌሎች ስልኮች ላይ አንድ በአንድ የማያቸው ክፍተቶች እዚህ አንድ ስልክ ላይ ተሰብስበው ነበር። በዚያ ላይ፣ ቤተሰቡ ስልኩን ለማዳን ብሎ ከሞከራቸው ነገሮች አንዳንዶቹ ነገሩን የሚያባብሱ ሆነው ተገኙ። ምን እንደማይሠራ ማወቅ ደግሞ የሚሠራውን ከማወቅ አያንስም።

ባለጉዳይዋ ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ትቻለሁ። የገንዘብ አገልግሎቱንም ስም አላነሣም፤ ቀዳዳው የነበረው ስልኩ ላይ ነውና። ጊዜው 2017 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ላይ ነው።

ባለጉዳይዋና ስልካቸው

ባለጉዳይዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የዓሣ ነጋዴ ናቸው። ገና በማለዳው ከጣና ዳር አሥጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ ይረከባሉ። ከፊሉን ለከተማው ምግብ ቤቶች ያከፋፍላሉ። ከፊሉን በበረዶ አድርገው ወደ ሌላ ከተማ ይልካሉ። ንግዱ የሚንቀሳቀሰው በስልክ ነው። አሥጋሪው ጀልባው ዳር ሳይደርስ ምን እንደያዘ በድምፅ መልእክት ይናገራል። ምግብ ቤቱ በቴሌግራም ያዛል። ክፍያው በሞባይል ገንዘብ ይገባል። የዱቤ ደብተሩ ሳይቀር ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል።

ስልኩ ያገለገለ ነው፤ የሚሠራው በአንድሮይድ 12። የሚነካካው ሰው ብዙ ነው። ነጋዴዋ ራሳቸው አሉ። ዓሣ የሚመዝነው ረዳት ልጅ ሒሳብ ሲገባ ያያል። የልጅ ልጃቸው ማታ ማታ ጌም ይጫወትበታል። ፖሊ ግቢ የሚማረው ልጃቸው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ቤት ሲመጣ «ያስተካክለዋል»። የስክሪን ቁልፍ የለውም። ለምን እንደሌለው ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «ልጄ፣ እጄ ከዓሣ አይወጣ። በእርጥብ እጅ ማን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል?»

ሌላም ነገር አለ። ነጋዴዋ አማርኛ አቀላጥፈው ያነባሉ። ስልኩ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ አፕ ጥያቄ ይዞ ብቅ ሲል የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ እሺ የሚለውን ይነካሉ። «እሱን ካልነካሁት እኮ አይሠራልኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስልኩ ያስተማራቸው ይህንኑ ነው።

የአካባቢያችንን ሁኔታም መጨመር አለብኝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ አፕ የሚገኘው ከሰው ነበር። አንዱ ዋይፋይ ካለበት ቦታ ያወርዳል፤ ሌላው ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው አፕ በዜንደር ይቀበላል። ይህ እንዲሆን «ካልታወቀ ምንጭ አፕ ጫን» የሚለው ፈቃድ መከፈት ነበረበት። ያን ጊዜ ሌላ መንገድ ስላልነበረ ማንም አይወቀስም። ኢንተርኔቱ ተመለሰ፤ ፈቃዱን ግን የዘጋው የለም። በነጋዴዋ ስልክ ላይ ለዜንደር፣ ለቴሌግራምና ለፋይል ማውጫው ሦስቱም ክፍት ነበር። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ይህ ፈቃድ ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ አንዱን መዝጋት ሌላውን አይዘጋም።

ምን ተፈጠረ

ዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ የሚሟሟቅበት ጊዜ ነው። ስልኩ ከማለዳ ጀምሮ አያርፍም። በዚህ መሀል ከአንድ የቆየ ደንበኛቸው፣ ከምግብ ቤት ባለቤት፣ በቴሌግራም ፋይል መጣ። ከሥሩ ለፋሲካ የተዘጋጀ ስጦታ ነው፣ ከፍተው ይውሰዱ የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ነበረው። ደንበኛው ራሱ ቀደም ብሎ ተጠልፎ እንደነበር የታወቀው ኋላ ነው።

ነጋዴዋ ነኩት። ስልኩ ጠየቀ፤ እሺ አሉ። አፑ ተከፍቶ በአማርኛ መመሪያ ሰጣቸው። ስጦታው እንዲደርስ መጀመሪያ የስልኩን የአፕ ተቆጣጣሪ፣ ፕሌይ ፕሮቴክትን፣ ማጥፋት አለብዎት አላቸው። ቀጥሎ አንድ ማብሪያ እንዲያበሩ በሥዕል አሳያቸው። ሁሉንም አደረጉ። ከዚያ አፑ ከስክሪኑ ጠፋ። ስጦታም አልመጣም። «ውሸት ነው ብዬ ተውኩት» ይላሉ። እሳቸው ይተዉት እንጂ አፑ አልተዋቸውም።

በቀጣዮቹ ቀናት ስልኩ ይግላል። ባትሪው ግማሽ ቀን አይደርስም። የወር ፓኬጅ በሳምንት ያልቃል። ይህን ሁሉ ለስልኩ እርጅና ሰጡት። ያነቃቸው አንድ ወጣት ደንበኛ ነው። ጠዋት ደውሎ፦

«እትዬ፣ ብሩን ማታውኑ ልኬያለሁ። ደረስዎት?»

«የምን ብር?»

«ቸግሮኛል፣ እስከ ነገ አበድረኝ ብለው ጽፈውልኝ የለ እንዴ!»

የሞባይል ገንዘባቸውን ከፍተው ሲያዩ ሌሊት ላይ በሁለት ጊዜ ዝውውር አብዛኛው ሒሳብ ወጥቷል። የዝውውሩ አጭር መልእክት ለምን እንዳልታያቸው ግራ ገባቸው። መልእክቱ ግን ደርሶ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ሳይነበብ ተቀምጧል። ከላይ ብቅ የሚለውን ማሳወቂያ አፑ እየቀደመ ስለሚያጠፋው ነው ያላዩት።

ስልኩ ላይ ያገኘነው

ልጃቸው ስልኩን ይዞ ሲመጣ አስቀድሞ የካሜራና የማይክ ፈቃዶችን ፈትሾ ነበር። «ንጹሕ ነው» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲሁ ያደርጋል። ካሜራና ማይክ ስለሚያስፈሩ ዓይን እዚያ ላይ ያርፋል። እኔ በማያቸው ጉዳዮች ግን ገንዘብ የሚወጣው በካሜራ በኩል አይደለም።

አንድሮይድ ላይ ፈቃድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አፑ ሲፈልገው ብቅ ብሎ የሚጠየቀው ነው፤ ካሜራ፣ ማይክ፣ ቦታ፣ አድራሻ (የተመዘገቡ ስሞችና ስልክ ቁጥሮች)፣ አጭር መልእክት። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ከአንድሮይድ 6 ጋር ነው። ከዚያ በፊት አፑን ከጫኑ ሁሉንም ፈቅደዋል ማለት ነበር። ሁለተኛው ዓይነት ብቅ አይልም። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው በእጅ የሚያበሩት ማብሪያ ነው። ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። አደጋው ግን እዚያ ነው።

በነጋዴዋ ስልክ ላይ አፑ ከመጀመሪያው ዓይነት አድራሻና አጭር መልእክት ወስዷል። ከሁለተኛው ዓይነት አራት ይዟል።

ዋናው «ተደራሽነት» የሚባለው ነው። የተሠራው ማየት ለተሳናቸው ወይም ስክሪን መንካት ለሚቸግራቸው ሰዎች ነው። ጽሑፉን እንዲያነብላቸው፣ በእነሱ ፈንታ እንዲነካላቸው። ለዚህ ሲባል ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ያያል፤ ቁልፍም መጫን ይችላል። ለማይታወቅ አፕ ይህን መስጠት ቤትን ከነቁልፉ ለመንገደኛ ማስረከብ ነው።

ቀጥሎ የማሳወቂያ ንባብ ነው። ቴሌግራም ወደ ሌላ ስልክ ለመግባት የሚያስፈልገውን ኮድ ብዙ ጊዜ የሚልከው እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ነው። አፑ ኮዱን ከማሳወቂያው ላይ አነበበው፤ ማሳወቂያውንም አጠፋው። ሦስተኛው በሌሎች አፖች ላይ ተደርቦ የመታየት ፈቃድ ነው። አራተኛው ደግሞ «የመሣሪያ አስተዳዳሪ» መሆን ነው፤ ይህ ካልተነሣ አፑ አይራገፍም።

የሞባይል ገንዘቡ ፒንስ? ማንም አልጠየቃቸውም። እንዳይረሱት ብለው አድራሻ ዝርዝር ውስጥ «ፒን» በሚል ስም መዝግበውታል። አድራሻ የማንበብ ፈቃድ ያለው አፕ ያንንም ያነባል። ይህን ሲሰሙ ነጋዴዋ ዝም አሉ። ልጃቸው ግን ሳቀ፤ የራሱን ስልክ አውጥቶ አንድ ነገር ሲሰርዝ ግን አይቼዋለሁ።

ስልኩ አንድሮይድ 13 ቢሆን ኖሮ ትንሽ እንቅፋት ይገጥመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ይህ እትም ከውጭ የተጫነ አፕ ተደራሽነትንና የማሳወቂያ ንባብን በቀላሉ እንዳያገኝ ይገድባል። ገደቡን ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ተጨማሪ እርምጃ ይጠይቃል። ያ እርምጃ ለብዙ ሰው «ቆይ፣ ምንድን ነው ይሄ?» የሚልበት ጊዜ ይሰጠዋል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተሠራው ሥራ ስልኩን ማጽዳት አልነበረም። ስልኩን ከመረብ ቆረጥነው። ዳታና ዋይፋይ ጠፋ፤ ሲሙ ወጣ። ሲሙን አንድ አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ ውስጥ ከተትነው። ይህ ቀላል ነገር ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ባለቁልፉ ስልክ ላይ አፕ የለም፤ ስለዚህ የሚመጣውን ኮድ የሚያነብ ሌባ የለም። በዚያው ስልክ ወደ ገንዘብ አገልግሎቱ ደውለው ሒሳቡን አሳገዱ። ከተከፈተ በኋላም ፒኑን የቀየሩት ከዚያው ስልክ ነው፤ በኮከብና መሰላል በሚከፈተው ማውጫ። ፒኑ በበሽተኛው ስልክ ላይ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ አዲሱም እንደ አሮጌው ይነበብ ነበር።

ጥሪ ወደ ሌላ ቁጥር ተዘዋውሮ እንደሆነም በ*#21# አየን። አልተዘዋወረም።

ከዚያ ማስረጃ ሰበሰብን። የዝውውር ቁጥሮች፣ ሰዓት፣ ብሩ የሄደበት ስልክ፣ ለደንበኛው የተጻፈው የብድር መልእክት፣ ፋይሉን ያመጣው ቻት፣ የተከፈቱት ፈቃዶች። ሁሉም በሌላ ስልክ ካሜራ ተነሣ። ለፖሊስ የቀረበው አቤቱታ ከእነዚህ ጋር ነው። ያለ ፈቃድ ወደ ሰው መሣሪያ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ አቤቱታው ላይም ተጠቅሷል።

አፑን ማራገፍ ትግል ነበር። አዶው ስለሌለ ፈልገን ያገኘነው በተደራሽነት ገጽ ላይ ነው፤ ራሱን «ሲስተም አፕዴት» ብሎ ጠርቷል። ሊነቀል ሲል ገጹ በራሱ ይዘጋል። ተደራሽነቱን ሊያጠፉ ሲሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁልፉን የሚጫነው አፑ ራሱ ነው።

መፍትሔው ሴፍ ሞድ ነበር። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች የማጥፊያውን ቁልፍ ይዘው፣ «አጥፋ» የሚለው ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ጫን አድርገው ይቆያሉ። ስልኩ ሲነሣ ከፋብሪካው ጋር የመጡት አፖች ብቻ ይሠራሉ፤ የተጫኑት ሁሉ ይተኛሉ። አፑ ከተኛ በኋላ የመሣሪያ አስተዳዳሪነቱ ተነሣ፤ ቀጥሎ ተራገፈ። ከሴፍ ሞድ ለመውጣት ስልኩን እንደገና ማስነሣት ይበቃል።

የቴሌግራሙ ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ልጃቸው አስቀድሞ በራሱ ስልክ በእናቱ ቁጥር ገብቶ የማይታወቀውን መሣሪያ ሊያስወጣ ሞክሯል። ቴሌግራም እምቢ አለው። አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሮቹን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም፤ ጊዜ መቆየት አለበት። ደንቡ የተሠራው ሌባ ሲገባ ባለቤቱን እንዳያባርር ነው። እዚህ ላይ ግን ባለቤቷ አዲስ ገቢ፣ ሌባው ነባር ሆነው ተገኙ። ማስወጣት የሚችለው የነጋዴዋ የራሳቸው ስልክ ብቻ ነበር፤ እሱ ከሁሉም የቆየ ነውና። ሴፍ ሞድ ላይ ደግሞ ቴሌግራም አይከፈትም። ስለዚህ አፑ ተራግፎ፣ ስልኩ በመደበኛው ተነሥቶ፣ በቤቱ ዋይፋይ ቴሌግራም ተከፈተ። «መሣሪያዎች» በሚለው ገጽ የማይታወቀው ስልክ ተባረረ። ወዲያውም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የይለፍ ቃል ተደረገ። ነጋዴዋ በራሳቸው ድምፅ ለደንበኞቻቸው መልእክት ላኩ። «ብር የጠየቅኋችሁ እኔ አይደለሁም፤ ስጦታ የሚል ፋይል ከመጣላችሁ አትንኩት» የሚል። ድምፅ መሆኑ ጠቀመ። ጽሑፍ ቢሆን ማን ያምናል?

በመጨረሻ የጉግል መለያው የይለፍ ቃል ከሌላ ስልክ ተቀየረ። ፎቶዎቹና አድራሻዎቹ ወደ ኮምፒውተር ተገለበጡ። አፖቹ አልተገለበጡም። ከዚያ ስልኩ ተጠርጎ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ ተመለሰ፤ ሪሴት የሚባለው ይህ ነው።

ያልሠራው

ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት ረዳቱ ልጅ «ቫይረስ የሚያጸዳ» አፕ ጭኖላቸው ነበር። አረንጓዴ ክብ እየዞረ ስልክዎ ንጹሕ ነው ይላል። ሌባውን አላገኘውም። ይልቁንም ራሱ ፋይል፣ ቦታና ከሌላ አፕ ላይ የመደረብ ፈቃድ ወስዶ በየደቂቃው ማስታወቂያ ይዘረጋል።

አንድ የስልክ ሱቅ ደግሞ ወዲያው ሪሴት አድርጉት ብሏቸዋል። ያን ጊዜ ቢያደርጉት ሦስት ነገር ይጠፋ ነበር። የዱቤ ደብተሩ ፎቶ፣ ለፖሊስ የሚቀርበው ማስረጃና ቴሌግራሙ ላይ የነበራቸው ነባርነት። ሪሴት ጥሩ ነው፤ ግን ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

ገንዘቡ እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስ አልተመለሰም። ብሩ ከደረሰበት ቁጥር ወዲያው ወጥቷል። ያበደረው ወጣት የላከውን ግን ነጋዴዋ ዝም አላሉም። ግማሹን ከዓሣው ዱቤ ላይ ቀነሱለት፤ ግማሹን እሱ ቻለው። ሽማግሌ ሳያስፈልግ ተግባቡ።

ፈቃዶችን እንደ ሥራው ማስተካከል

ስልኩ ባዶ ከሆነ በኋላ ልጃቸው በቁጭት ሁሉንም ዘጋው። የቴሌግራምን ማይክ ከለከለ። ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፖች ከጀርባ እንዳይሠሩ አደረገ። ስክሪኑ ቶሎ ቶሎ እንዲቆለፍና በጣት አሻራ እንዲከፈት አደረገ። በወረቀት ላይ ፍጹም ደኅንነት ነው።

በማግሥቱ ገበያው ተበላሸ። የአሥጋሪዎቹ መልእክት ዘግይቶ ደረሰ። ነጋዴዋ በድምፅ መመለስ አልቻሉም። የጣት አሻራው የረጠበና ቅርፊት የተለጠፈበት ጣት አላነብ አለ። ጠዋቱን ሙሉ ስልኩን ሲጠርጉ ዋሉ። ማታ ላይ ቁልፉ እንዲነሣ አዘዙ። ልጃቸው ይህን እንደ እልኸኝነት አየው። እኔ ግን እንደዚያ አላየሁትም። ሥራን የሚያስቆም ጥበቃ ዕድሜ የለውም፤ ባለቤቱ ራሱ ያነሣዋል።

ስለዚህ ከሥራው ተነሥተን አንድ በአንድ አየን። የትኛው አፕ ምን ቢከለከል ምን ይቆማል?

ቴሌግራም ማይክ፣ ፎቶና ማሳወቂያ ያስፈልገዋል፤ ተሰጠው። ቦታ አያስፈልገውም፤ ተከለከለ። ካርታው ቦታ የሚያየው ሲከፈት ብቻ ሆነ። ይህ ምርጫ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አለ። የልጅ ልጃቸው ጌም አድራሻ ጠይቆ ነበር። ለጌም አድራሻ ምን ያደርግለታል? ተከልክሎም ጌሙ እንደወትሮው ሠራ። ብዙ ሰው ከከለከልኩ አፑ ይበላሻል ብሎ ይፈራል። አብዛኛውን ጊዜ አይበላሽም። ከተበላሸም ተመልሶ መፍቀድ ይቻላል።

ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ቆየን። ነጋዴዋ በአማርኛ የሚጽፉት ከሰው በዜንደር በተቀበሉት ኪቦርድ ነበር። ኪቦርድ የሚጻፈውን ሁሉ ያያል፤ ይህ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኪቦርድ መጠቀም አይገባም። የጉግል ኪቦርድ አማርኛ ስላለው እሱን ከፕሌይ ስቶር ጫንን። መጀመሪያ የፊደሉ አቀማመጥ አስቸገራቸው፤ ኋላ ለመዱት።

አጭር መልእክት የማንበብ ፈቃድ ከመልእክት አፑ በስተቀር ለማንም አልተሰጠም። ጉግል ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሌይ ስቶር ላይ ያሉ አፖች ያለ በቂ ምክንያት ይህን ፈቃድ እንዳይጠይቁ ከልክሏል። እንግዲህ አንድ የማይታወቅ አፕ አጭር መልእክትዎን ላንብብ ካለ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ቁልፉ ባለ ስድስት አኃዝ ፒን ሆነ። የሚቆለፈውም ትንሽ ቆይቶ ነው። የጣት አሻራው ቀረ። የልጅ ልጃቸው ጌም ሲጫወት ጌሙ ስክሪኑ ላይ ይሰካል፤ ፒን ካልገባ ከጌሙ መውጣት አይቻልም። ይህ መሰኪያ አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ከደኅንነት ገጹ ሥር ይገኛል። ረዳቱ ልጅ ከዚህ ወዲያ ስልኩን አይዝም፤ የገባውን ሒሳብ ነጋዴዋ ራሳቸው ያነቡለታል።

የገንዘብ ሲሙ እዚያው ባለቁልፉ ስልክ ውስጥ እንዲቀር የወሰኑት ራሳቸው ናቸው። ቴሌግራሙ ስማርት ስልኩ ላይ፣ ገንዘቡ ባለቁልፉ ላይ። ሁለት ስልክ መያዝ ይከብዳል ብዬ ነበር። «ሁለት ቢላዋ የምይዝ ሰው ሁለት ስልክ ያቅተኛል?» አሉኝ። ሲሙም ራሱ ፒን ተደረገለት፤ ስልኩ ሲነሣ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ የሚያስፈልገው ፐክ (የተቆለፈ ሲም የሚከፍተው ቁጥር) የተጻፈበት ካርድ ከቤት ሰነዶች ጋር ተቀመጠ።

ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው ግን የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ መቀየር ነው ብዬ አምናለሁ። ልጃቸው ተቃውሞ ነበር፤ «የምናውቀው ቦታ ሁሉ ይጠፋብናል» ብሎ። እውነትም እሱና እኔ ለጥቂት ጊዜ ተደናበርን። እናቱ ግን የሚጠየቁትን ማንበብ ጀመሩ። አንድ ቀን ደውለው «የእጅ ባትሪው አድራሻዬን ልይ ይለኛል፤ ምን አገባው?» አሉኝ። ከልክለዋል።

ለሌላ ጉዳይ የሚሆኑ ነጥቦች

ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ቅደም ተከተሉን ይያዝ። መቁረጥ፣ ሲሙን ወደ ባለቁልፍ ስልክ ማዛወር፣ ገንዘቡን ማሳገድ፣ ማስረጃ መያዝ፣ ማራገፍ፣ ከነባሩ ስልክ ሌላውን ማባረር፣ በመጨረሻ ሪሴት። መሀል ላይ ያለው ቢዛነፍ ኋላ ያለው ይከብዳል።

ፈቃድ ሲፈተሽ ከካሜራ አይጀመር። ከተደራሽነት፣ ከማሳወቂያ ንባብ፣ ከመደረብ፣ ከመሣሪያ አስተዳዳሪና ካልታወቀ ምንጭ ከመጫን ይጀመር። በአብዛኛው ስልክ እነዚህ ዝርዝሮች ባዶ ወይም ለባዶ የቀረቡ መሆን አለባቸው። የማያውቁት ስም እዚያ ካለ ያ አፕ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አይደሩ። ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብለት አፕ እዚያ መኖሩ ግን ትክክል ነው፤ ያንን ማንም እንዳያጠፋበት።

ጥፋቱ የሚመጣው ከማይታወቅ ሰው ነው የሚለው ምክር እዚህ አልሠራም። ፋይሉ የመጣው ለዓመታት ዓሣ ከሸጡለት ሰው ነው። ሰውየውን ማመን ሌላ፣ ፋይሉን ማመን ሌላ። ደውሎ «ይህን ልከኸልኛል?» ማለት ጥቂት ሳንቲም ነው የሚያወጣው።

ለሚያግዝ ልጅ ወይም የጎረቤት ወጣት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከመዝጋቱ በፊት ባለቤቱ በቀን ምን እንደሚሠራበት ጠይቁ። በተለይ እጁ በምን እንደሚውል። ዱቄት፣ ዘይት፣ ሲሚንቶ ወይም ዓሣ የሚነካ ሰው የጣት አሻራ አይሆነውም።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የፖሊሱ ጉዳይ ገና አልተዘጋም። ስልኩ ይሠራል፤ አይግልም፤ ፓኬጁም ወሩን ይዘልቃል። አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። «ስለ ስልክ» በሚለው ገጽ ላይ የደኅንነት ማሻሻያው ቀን ካየሁት ጊዜ ጀምሮ አልተነቃነቀም። አምራቹ ለዚህ ሞዴል ማሻሻያ መላክ አቁሟል ማለት ነው። ይህን በፈቃድ ማስተካከል አይቻልም። ነጋዴዋም አዲስ ስልክ አሁን አይገዙም፤ የጠፋውን ብር መጀመሪያ መተካት አለባቸው። እስከዚያ ድረስ የገንዘብ አፕ እዚያ ስልክ ላይ አይጫንም ተባብለናል። ልጃቸው ቅዳሜ ሲመጣ ሴቲንጉን እንዳይነካካ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ነግረውታል።